በወንዝ አፍ ያለው ብዛት አያታልላችሁ

በዕድሜ የምንተካከል ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከአንበሳሜ እስከ ቆራጣ ዳርቻ፣ ከሐሙሲት እስከ ባሕር ዳር የተበተናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ በዕድር ዳኝነት፣ አንዳንዶቻችሁ በሰበካ ጉባኤ ወንበር፣ አንዳንዶቻችሁም እንደ እኔ በጡረታ ከሥራ ተሰናብታችሁ የልጅ ልጅ እያጫወታችሁ የምትኖሩ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የማየው ነገር ስላስጨነቀኝ ነው። ለወጣቶቹ ያልጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቱ አስጋሪ ጣናን ያወቀው ዛሬ ባለበት መልኩ ነው፤ መረቡ ይዞለት የሚወጣውን ዓሣ እንደ ሙሉ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። እኛ ግን ከዚህ በፊት የነበረውን ጣና ያየን ነን፤ ያየ ሰው ዝም ሲል ዝምታው ያላየውን ያሳስታል።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ዓሣ በማጥናት፣ የተጠናውንም ለሚያዝዙትና ለሚያሰግሩት በመንገር ነው። ሥራው ከሩቅ ሲሰሙት ትልቅ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲያዩት ግን እርጥብ ጣውላ፣ ቢላዋና ሚዛን ነው። ዓሣው በሴንቲ ሜትር በተሰመረ ሰሌዳ ላይ ይጋደማል፤ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ሹካ ድረስ ይለካል፤ ይመዘናል፤ ከዚያም ሆዱ ተከፍቶ ዕንቁላሉ ወይም የወንድ ዘሩ ምን ያህል እንደደረሰ ታይቶ በመዝገብ ይሰፍራል። በነሐሴ ከወንዝ አፍ የመጣች እንስት ነጭ ዓሣ ሆዷ ሲከፈት ቢላዋው ገና ጫፉ እንደነካት ቢጫው ዕንቁላል ይፈስሳል፤ አንጀቷን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ሆዷን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ይገኛል። ገበያው የሚፈልገው ሥጋውን ነውና ዕንቁላሉ ከአንጀቱ ጋር ተጠርጎ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ለሚጠብቁት ፔሊካኖች ይወረወራል። ይህን ያየ ሁሉ የወፎቹን ሽሚያ አይቶ ይስቃል። እኔም ወፎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን በዚያች አንድ እፍኝ ውስጥ የስንት ዓመት ዓሣ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ሳቁ ቶሎ ይደርቅበታል።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ከ3000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለው ይህ ውኃ እጅግ ጠለቀ በተባለበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው ያለው። ከሥሩ ደለል ቆፍረው ያወጡ ተመራማሪዎች እንዳገኙት ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ፈጽሞ ደርቆ ነበር፤ ዳግመኛ ሲሞላ ከወንዞቹ የገቡት ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ጋር በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተለያይተው በዚሁ ቀሩና እንደየኑሯቸው መልካቸው ተለየ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው፣ ድስት ውስጥ ገብቶ የማንለየው፣ 15 ያህል ዝርያ ነው። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው፤ የሚደንቀውም ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው፤ ያላቸው ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉት ዘመዶቻቸው አብዛኞቹ አረምና ትል ለቃሚ ሆነው ሲኖሩ የጣናዎቹ አዳኝ ሆኑ። ሌዎ ናገልኬርከ የተባለው ሆላንዳዊ ተመራማሪ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ስለነዚሁ ነው፤ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ስንት የእኛ ልጆች፣ ተስፋዬ ውድነህ፣ እሸቴ ደጀን፣ አበበ ጌታሁን፣ ዋሴ አንተነህ፣ ደክመው ጽፈዋል። እንግዲህ የጎደለን ዕውቀት አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ አላወቅንም ነበር የምንል እንዳይኖር ነው።

እነዚህን ዓሦች ቀረሶ ከምንለው ሌላው የሐይቁ ዓሣ የሚለያቸው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቀረሶ ከዳርቻው ሳይርቅ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል። ከነጭ ዓሣዎቹ ግን ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ለመውለድ ወንዝ መውጣት አለባቸው። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ከሐይቁ ማዶና ማዶ ተነሥተው ወደ ገልዳ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ አፍ ይመጣሉ፤ በደፈረሰው ውኃ አፋፍ ላይ ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ይዋኛሉ። ጉማራ ከጉና ተራራ ሲወርድ ጭቃ ተሸክሞ ነው፤ እነርሱ የሚሹት ግን እርሱን ሳይሆን ከጎኑ የሚገቡትን ትናንሽ ጅረቶች ነው፤ ውኃው ጠርቶ የሚፈጥንበትን፣ ከሥሩ ጠጠር የተነጠፈበትን። ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይወድቃል፤ ጭቃ ካልደፈነው በዚያ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም ጎርፉ ሲቀንስ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኛ የደራ ሰዎች ለጠበል ወደ ዋንዛዬ ስንወርድ ጉማራን በእግራችን የምንሻገር፣ ከብት የምናጠጣበት፣ ልብስ የምናጥብበት ሰዎች፣ በዚያው ውኃ የሐይቁ ዓሣ መወለጃ እንደሚያልፍ ስንቶቻችን እናስበዋለን?

ድሮ በወንዝ አፍ የሚሰበሰበውን ይህን የዓሣ ጉባኤ የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነበር። ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቁ፣ በትንሽ መረብና በመንጠቆ፣ ለቤታቸውና ለቅርብ ገበያ ያሰግሩ ነበር፤ ታንኳዋ ውኃ ጠጥታ ስትከብድ ዳር ወጥታ በፀሐይ መድረቅ ነበረባትና የሩቁ ወንዝ አፍ ሩቅ እንደሆነ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986፣ የ77ቱ ረኀብ ጠባሳ ገና ሳይሽር፣ በሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና በቤተ ክርስቲያን ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። የመጣው በበጎ ልብ ነው፤ የተራበ አገር ዓሣ ይብላ ተብሎ ነው፤ እውነትም ብዙ ቤት እንጀራ በልቶበታል። ነገር ግን ሞተሩ ያመጣው ፍጥነትን ብቻ አልነበረም። ማንም ሳያስተውለው ርቀት የሚሉት ጠባቂ ከወንዝ አፍ ላይ ተነሣ።

ከዚያ የሆነውን በወሬ ሳይሆን በመዝገብ እናውቀዋለን። ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለካውን በ2001 ከተለካው ጋር አስተያይተው በ2004 እንዳሳተሙት፣ በደቡቡ የሐይቁ ክፍል ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት ነጭ ዓሣዎች በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህላቸው ጠፍቷል፤ የትንንሾቹ፣ ነገ ወላጅ ሊሆኑ የሚገባቸው የእነዚያ መቀነስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ምክንያቱንም ሲመረምሩ የዝናብ ማነስ ወይም የተፈጥሮ ዑደት ሆኖ አላገኙትም። ያገኙት በመውለጃው ወራት የሚጣለውን መረብና በወንዞቹ ውስጥ ተወቅጦ የሚበተነውን የብርብራ ፍሬ ነው። ብርብራን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልጆች ሆነን ፍሬው ተወቅጦ ጅረት ላይ ሲበተን፣ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ሽቅብ ሰጥቶ ሲንሳፈፍ አይተን ተደስተናል። ለአንድ ቀን ወጥ የሚሆነው ጥቂቱ ይለቀማል፤ ጫጩቱና ሌላው ፍጥረት ግን ማንም ሳያነሣው በውኃው ይሄዳል።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ዓሣው አለቀ ስንል አስጋሪው ያልተቀበለን ዋሽቶ አይደለም። በነሐሴ ገልዳ አፍ ላይ መረቡን ጥሎ ሲስብ ከብዶት ያወጣዋል፤ የት አለቀ? ብሎ ይጠይቀናል፤ በዓይኑ ያየው ነውና ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን የበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ ቆሞ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋውን ሰው አይቶ፣ የአገሩ ሕዝብ እንዳለ ነው፣ ከሠፈሩ የፈለሰ የለም የሚል ሰው እንደሚሳሳት፣ በወንዝ አፍ ላይ ያለውን አይቶ ስለ ሐይቁ የሚናገርም እንዲሁ ይሳሳታል። ዓሣው ለመውለድ የሚሰበሰብ ፍጥረት በመሆኑ ቁጥሩ በግማሽ ሲቀንስ እኩሌታው ይሰበሰባል፤ ከዚያም ሲቀንስ የቀረው ይሰበሰባል፤ ቦታው ጠባብ ነውና ሁልጊዜ ሙሉ ይመስላል። ሰፊው ሐይቅ ባዶ እየሆነ የወንዙ አፍ ብቻ እንደ ቀድሞው ይታያል። መረቡ የሚነግረን ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለ ጉባኤው ነው። የመጨረሻው ጉባኤ እስኪቀር ድረስም አይነግረንም፤ ሲነግረን ደግሞ በአንድ ክረምት ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ ቢሆን ደስ ባለኝ። በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ፣ ከ400 ዓመት በላይ ሰው የኖረበት ኮድ የሚሉት ዓሣ ነበር። ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ መሥሪያ ቤት ነበረ፤ ኮታ ነበረ። ዓሣው እየቀነሰ ሲሄድ የቀረው በጥቂት ቦታ ተጠጋግቶ ተሰበሰበና ትልልቆቹ መርከቦች እስከ መጨረሻው ድረስ መረባቸውን ሞልተው ይመለሱ ነበር፤ አማካሪዎቹም የመርከቦቹን መዝገብ እያዩ ሐይቅ ሳይሆን ውቅያኖስ ሙሉ ዓሣ እንዳለ ገመቱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 ተዘጋ። የተዘጋው ለሁለት ዓመት ብቻ ተብሎ ነበር፤ ከ30 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ፤ ሁለቱ ዓመት 32 ዓመት ሆኖ፣ በ2024 ነው በጥቂቱ የተከፈተው። እዚያ ሥራ የፈታውን መንግሥት ደጎመው፤ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶም ሌላ ሥራ ያዘ። የእኛን አስጋሪ ማን ይደጉመዋል? ሐሙሲት ላይ ወርዶ ምን ሥራ ይይዛል?

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ የጠፋ ሥራ ይመለሳል፣ የጠፋ ዝርያ ግን አይመለስምና። በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናው ደሴት፣ ላናው የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተባዝተው የተለያዩ፣ ሌላ የትም የማይገኙ የዚሁ የነጭ ዓሣ ወገን ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ የመጡ ዓሦች ገቡበት፤ ያለ ልክ ተሰገረ፤ ሰው ግን ሌላ ዓሣ ስለሚያገኝ ልብ አላለውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በሐይቁና በመውጫው ወንዝ ብቻ ከሚኖሩት 17 ዝርያዎች 15ቱ ከምድር ላይ መጥፋታቸውን አስታወቀ፤ የቀሩት ሁለቱም ምናልባት ጠፍተዋል በሚል ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ የነጭ ዓሣ ቤተሰብ ሳይበተን የቀረው በዓለም ላይ አንድ ቦታ ነው ይባላል። እርሱም እዚህ፣ የእኛ ደጅ ላይ ያለው ነው። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ባሕር ዳር ላይ ደስ ብሎን አጨብጭበናል፤ ጭብጨባው ወንዝ አፍ ድረስ አልተሰማም።

ምክር ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ተስፋ መቁረጥ ግን በእኔ ዘንድ የለም፤ ምክር የተሰማበትንም አውቃለሁና። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የተበተኑ ደሴቶች፣ ኪሪባቲ፣ ቱቫሉ፣ ናኡሩ፣ ማርሻል ደሴቶች፣ ፓላውና ሌሎቹ፣ ስምንት ሆነው፣ የአብዛኞቹ ሕዝብ ጥቂት የሆነ፣ በውኃቸው የሚያልፈውን ቱና የሩቅ አገር መርከቦች ሲዝቁት ቆመው የሚያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 ናኡሩ ላይ ተስማሙ፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ የሳይንቲስቶቻቸውን ቃል ይዘው መርከብ የሚያሰግርበትን ቀን ቆጥረው፣ ጣሪያ አብጅተው መሸጥ ጀመሩ። ከሌላው ቀድሞ አሳልፎ የሚሸጥ ከመካከላቸው እንዳይወጣ ተያያዙ። በ2010 ገደማ በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል የነበረው ገቢያቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 500 ሚሊዮን ደረሰ፤ ቱናውም በውቅያኖሳቸው ከሌላው ሥፍራ በተሻለ ጤና ላይ ይገኛል። ያዳናቸው ሀብት አይደለም፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እንዳይከፍት መስማማታቸው ነው። በእነርሱ መካከል የሺህ ኪሎ ሜትር ባሕር አለ። በእኛ መካከል ያለው ግን የደራና የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደንቢያ፣ የባሕር ዳር ዙሪያ ወሰን ነው፤ በዕድርና በማኅበር፣ በጋብቻና በክርስትና የተያያዝን ሰዎች ነን።

ሕግማ አለን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱን አውጥቷል፤ የመረቡ ዓይን ስፋት፣ የመውለጃው ወራት፣ የመርዝ ክልከላ ሁሉ በወረቀት ላይ አለ። ወረቀቱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጉማራ አፍ እስኪደርስ ግን ክረምቱ ያልፋል። በዚህ መካከል ሞኖፊላመንት የሚሉት፣ ውኃ ውስጥ የማይታይ ርካሽ መረብ ገብቶ ተሠራጨ፤ አንድ ሰሞን አገልግሎ ሲቀደድ እዚያው ውኃው ውስጥ ይጣላል፤ ተጥሎም ባለቤት ሳይኖረው መያዙን አይተውም። የደረቀ ዓሣ የሚሰበስብ ነጋዴም መጣ፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚያሻግረው ለመጠን አይጠነቀቅም፤ ትንሹንም ትልቁንም በኪሎ ነው የሚገዛው። ከላይ በኩል ደግሞ ጠጠሩ ራሱ እየተነሣ ነው። ከተማ ሲሰፋ አሸዋና ጠጠር ይፈልጋል፤ መኪናው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዓሣው ለሺህ ዓመታት የወለደበትን ምንጣፍ ጠርጎ ይጭናል። በጋ ላይ የሽንኩርቱና የቲማቲሙ የውኃ ፓምፕ በየዳርቻው ተደርድሮ ትንንሾቹን ጅረቶች ያደርቃል። ገበሬው ከመስኖ የሚያገኘውን አውቃለሁ፣ እንዲተወው አልፈርድበትም፤ ግን ጅረት ፈጽሞ ሲቆም ጫጩቱ በኩሬ ታግዶ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በክልላችን የተነሣውን ግጭት ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ የነፍስ ነገር ባስጨነቀበት ዘመን ስለ ዓሣ ጠባቂ የሚጠይቅ ማን አለ? ይህን አልወቅስም። ነገር ግን ዓሣው ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም።

ትንሽ ሲመስል ንቀነው ኋላ ያሸነፈንን ነገር ይህች ሐይቅ አንድ ጊዜ አሳይታናለች። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መገጭ አፍ አካባቢ የታየው እምቦጭ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ብቻ ነበር፤ አምሮ የታየው ሰውም አልጠፋም። ያኔ በጥቂት ሰው ጉልበት ይነቀል ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አገር ሁሉ ወጥቶ እስከ ደረቱ ውኃ ገብቶ ነቀለ፤ ማሽን ተገዛ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ፤ እምቦጩ ግን ዛሬም አልሄደም። ደግነቱ እምቦጭ ይታያል፤ ከዳር ቆሞ አረንጓዴውን ያየ ሁሉ ያዝናል፣ ገንዘብም ያዋጣል። የዓሣ መጥፋት ግን ከላይ ሲያዩት ውኃው እንደ ሁልጊዜው ያንፀባርቃል። ለማይታይ ነገር ሰው ማዋጣት ይከብደዋልና፣ ለዚህ ነው ዓይናቸው ያየው የኛ ዓይነቶች መናገር ያለብን።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል፤ ቀሳውስቱ እንዳይቆጡኝ። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ እንደሚደምቅ የታወቀ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ነገር ግን ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ እርሱም ነጭ ዓሣው ሆዱን ሞልቶ ወንዝ አፍ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ነው። ሁዳዴ የሚገኘው ዓሣ የሐይቅ ዓሣ ነው፤ የፍልሰታው ዓሣ ግን ዕንቁላል የተሸከመ ነው። በየደብሩ ዓውደ ምሕረት ላይ የሚሰማ ቃል ያላችሁ፣ በሰንበቴ ጠላ ላይ ተቀምጣችሁ የምትመክሩ፣ በነዚያ ሁለት ሱባዔዎች ከወንዝ የመጣ ዓሣ አንገዛም ብትሉ ከማንኛውም ዘበኛ ይልቅ ትሰማላችሁ። ገዢ ሲታጣ ጀልባ አይወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ ሐይቁ ይዘጋ የሚል የለም። ዝጉ ብሎ የሚመክር ሰው ዳርቻውን አያውቀውም። ከወንዙ አፍ ርቆ፣ በሰፊ ዓይን መረብ፣ ቀረሶ የሚያሰግር ሰው ይኖራል፤ ይኑርም። የምለምነው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከአፎቹ መራቅን ነው፤ ሁሉንም ካልተቻለ ነሐሴንና መስከረምን። ጥቂት ክረምት ይህ ቢሆን ዓሣው ይመለሳል የምለው በምኞት አይደለም፤ ወላጅ እስካለ ድረስ አንዲት እንስት የምትጥለው ዕንቁላል ብዙ ነው፤ ጠጠሩ ካልተነሣ፣ ውኃው ካልቆመ፣ ብርብራ ካልተበተነበት ራሱን ይጠግናል። አደጋው ወላጁ ከቁጥር በታች ወርዶ መሰብሰቡን ሲተው ነው። ያ ጊዜ ገና አልደረሰም ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም ነሐሴ ሲመጣ ይሰበሰባሉና። የሚሰበሰቡት በየዓመቱ ማነሳቸውን የሚናገር ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ወራቱ የሚከፋው ደግሞ በዚሁ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ደንገሉ ያለቀባቸው፣ መሬት ያልተሰጣቸው፣ ከዓሣ በቀር እጅ የሌላቸው ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በነዚያ ወራት መረባቸውን ሰብስቡ ሲባሉ ልጆቻቸውን ምን ያብሏቸው? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ስለ መውለጃ ወራት የሚሰብክ ባለሙያ ቢኖር እኔ ራሴ አልሰማውም። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ቤተሰቡን ያጽናናል፤ ሁለት ወር ከወንዝ አፍ ለራቀ ቤት እህል ለማበደር ደንብ ለማውጣት የሚያዳግተው አይመስለኝም፤ በኅዳር በገንዘብም ሆነ በዓሣ ይመለሳል። የአስጋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከሽያጩ እየቆጠቡ ለክረምት ሊያስቀምጡ ይችላሉ፤ በዚህ ነገር የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ልጆችም ቢጠሩ እንደሚመጡ አውቃለሁ።

ስለዚህ የማስቸግራችሁ ሩቅ ነገር አይደለም። በገልዳና በጉማራ አፍ ላይ የሚያሰግሩትን ልጆች በስም የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ፤ የአንዳንዶቹ አባቶች እናንተው ናችሁ። ሰኔ ሳያልቅ፣ መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ፣ አንድ ቀን ሐሙሲት ላይ ጥሯቸው፤ ከፎገራ ማዶ ያሉትንም ጨምራችሁ፤ አሸዋ የሚጭኑትንም አትርሱ። እኔም አንበሳሜ ከሚገኙት ሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ። መቼም በመጀመሪያ ስለ ቅጣት ከተነሣ ጉባኤው በከንቱ ይበተናልና፣ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ይነሣ የምለው አስጋሪዎቹ ነሐሴንና መስከረምን በማን ጎተራ ይኖራሉ የሚለው ነው፤ ለዚያም የራሴን ድርሻ ሁለት ኩንታል ጤፍ አስመዝግቡልኝ።